ጥገናው ተጭኗል፤ የሚሠራው ግን አሮጌው ከርነል ነው

ጥያቄ፦ «በአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። አባላት ሒሳባቸውን የሚያዩበት ድረ ገጻችን የሚገኘው ጀርመን አገር በተከራየነው፣ ዴቢያን 11 የተባለው የሊኑክስ ስርጭት በተጫነበት ሰርቨር ላይ ነው። ዝማኔዎችን በየሳምንቱ እጭናለሁ፤ አንድም ሳምንት አልዘለልኩም። ሰርቨሩ ከሦስት ዓመት በላይ ሳይጠፋ ሠርቷል። በቅርቡ የመጡ የውጭ ኦዲተር ግን ከርነላችሁ ‹ደርቲ ፓይፕ› ለሚባለው ክፍተት የተጋለጠ ነው ብለው ጻፉብን። የተጫነውን ፓኬጅ ሳየው አዲስ ነው፤ የሚሠራውን ከርነል ስሪት የሚያሳየውን ‹ዩኔም› የሚባል ትእዛዝ ስሰጥ ግን 5.10.84 ይለኛል። ከእኔና ከአንድ ባልደረባዬ በቀር ሰርቨሩ ላይ መለያ ያለው ሰው የለም። ታዲያ የሚያሰጋን ነገር አለ? ካለስ ሰርቨሩን ሳናጠፋ መጠገን አይቻልም?»

ምላሽ፦

ኦዲተሩ ልክ ናቸው። እርስዎም ዝማኔዎቹን በየሳምንቱ ጭኛለሁ ሲሉ ልክ ነዎት። ድረ ገጹን የሚያስተናግደው ፕሮግራም ወይም ዳታቤዙ ሲዘመን ፓኬጅ አስተዳዳሪው ራሱ ያጠፋውና መልሶ ያስነሳዋል፤ ስለዚህ ጥገናው ወዲያው ሥራ ይጀምራል። ከርነል ግን የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ ሁሉንም ተሸክሞ የቆመ ምሰሶ ነው፤ ሰው የሚኖርበት ቤት ምሰሶ እንዲያው አይነቀልም። አዲሱ ከርነል ዲስኩ ላይ ተቀምጦ ሰርቨሩ እንደገና የሚነሳበትን ቀን ይጠብቃል። ያ ቀን እስኪመጣ ድረስ የሚያዝዘው፣ መጀመሪያ ወደ ማኅደረ ትውስታ የገባው አሮጌው ነው።

የእርስዎን 5.10.84 ዴቢያን ያዘጋጀው ዲሴምበር 8 ቀን 2021 ነው (የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የደርቲ ፓይፕ ጥገና በዴቢያን የደኅንነት ማስታወቂያ የወጣው ማርች 7 ቀን 2022 ነው። ስለዚህ አሁን የአባላትን ሒሳብ ይዞ ያለው ከርነል ጥገናው ከመታወጁ ሦስት ወር ቀድሞ የተሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ የጫኗቸው የከርነል ጥገናዎች ዲስኩ ላይ ተከማችተዋል እንጂ አንዱም ሥራ አልጀመረም።

ይህን ስጽፍ የራሴን ጥፋት እያስታወስኩ ነው። በ2016 ‹ደርቲ ካው› የተባለው ሌላ የሊኑክስ ክፍተት ይፋ በሆነ ጊዜ፣ በማስተዳድረው የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ ጥገናውን በዕለቱ ጫንኩና ለኃላፊዎቼ «ተዘግቷል» ብዬ ሪፖርት አደረግሁ። ከአራት ወር በኋላ መብራት ጠፋ፤ ጀነሬተሩም አልነሳ አለ። መብራት ሲመለስና ሰርቨሩ ሲነሳ የከርነሉ ቁጥር ተለውጦ አየሁት። አራት ወር ሙሉ በሩ ክፍት ነበር፤ እኔ ግን ዘግቼዋለሁ ብዬ በፊርማዬ አረጋግጫለሁ። ከዚያ ወዲህ በማንኛውም ሪፖርት ላይ «ተጭኗል» የሚል ቃል ሳይ አልፌው አልሄድም፤ አሁን እየሠራ ያለው የትኛው ነው ብዬ እጠይቃለሁ።

ደርቲ ፓይፕ ምን እንደሆነ በዝርዝር ላስረዳዎት፤ ምክንያቱም ሥራውን የተረዳ ሰው አለቆቹን ለማሳመን አይቸገርም። ያገኘው በጀርመን አገር በአንድ የድረ ገጽ አስተናጋጅ ድርጅት የሚሠራው ማክስ ኬለርማን ነው። ክፍተት ፍለጋ አልወጣም። በኤፕሪል 2021 አንድ ደንበኛ ያወረድኩት የጎብኚዎች መዝገብ አልፈታ አለኝ፣ ተበላሽቷል ብሎ አመለከተ። የታመቀው ፋይል መጨረሻ ላይ ያለው የማረጋገጫ ቁጥር ተሳስቶ ነበር። ኬለርማን በእጁ አስተካክሎ አቤቱታውን ዘጋው። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ነገር ተደገመ፤ ደግሞም ተደገመ። ሰርቨሩን በሙሉ ሲፈትሽ በሦስት ወር ውስጥ 37 ፋይሎች ተበላሽተው አገኘ፤ አብዛኞቹም በየወሩ የመጨረሻ ቀን የተጻፉ ነበሩ። የተበላሸው የመጨረሻው 8 ባይት ብቻ ነው፤ በቦታው የገባውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። የዕለት መዝገቦቹን ሰብስቦ ለደንበኛ በዚፕ መልክ የሚያቀርበው ሌላ ፕሮግራም የሚጽፈው ራስጌ ነበር። ያ ፕሮግራም ደግሞ መዝገቦቹን እንዲያነብ እንጂ እንዲጽፍባቸው አልተፈቀደለትም። የማይጽፍ እጅ ጽፎ ተገኘ ማለት ነው። በመጨረሻ ነገሩን ወደ ሁለት ትንንሽ ፕሮግራሞች አሳጠረው፤ አንዱ የ‹ኤ› ፊደል እየደጋገመ ፋይል ላይ ይጽፋል፣ ሌላው ያንኑ ፋይል እያነበበ ወደ ፓይፕ (የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው የሚያቀብል ቱቦ) ያስተላልፍና ፓይፑ ላይ ‹ቢ› ይጽፋል። ‹ቢ› ፋይሉ ውስጥ ተገኘ። ጥፋቱ ከከርነሉ መሆኑ ያኔ ተረጋገጠ።

እንዴት እንደሚሆን በመዝገብ ቤት ልመስለው። ዶሴ ከመደርደሪያ ወጥቶ ለሚያነበው ሰው በትሪ ይቀርባል እንበል። በትሪዎቹ ላይ አንዳንድ ጊዜ «ቦታ ካለ እዚሁ ወረቀት ላይ ይቀጠል» የሚል ምልክት ይለጠፋል፤ ይህ ለረቂቅ ወረቀት ትክክል ነው፣ አዲስ ወረቀት ከማባከን ያድናል። አሁን ያው ትሪ ባዶ ይሆንና ዋናው ዶሴ፣ እንዲነበብ ብቻ የተፈቀደው፣ ይቀመጥበታል። መዝገብ ቤቱ አሮጌውን ምልክት ማንሳት ይረሳል። ቀጥሎ የሚጽፈው ጸሐፊ ምልክቱን ያይና በዋናው ዶሴ ላይ ይጽፋል። ትሪው ፓይፕ ነው። ዶሴው ከርነሉ ፋይሎችን ለፍጥነት ብሎ በማኅደረ ትውስታ የሚይዝበት 4096 ባይት ስፋት ያለው ገጽ ነው። ከርነሉ ገጹን ሳይገለብጥ ዋናውን ራሱን ወደ ፓይፑ ሲያስገባ ምልክቱን መደምሰስ ነበረበት፤ አልደመሰሰውም።

እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ የጥፋቱ አመጣጥ ነው። ምልክቱን የመደምሰስ ሥራ የተረሳው በ2016 በተጻፈ ኮድ ውስጥ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ምልክቱ ላይ ጉዳት የሚያመጣ ነገር ስላልነበረ ማንም አልተነካም። በ2020፣ በከርነል 5.8፣ ሌላ ሰው ለሌላ በጎ ዓላማ «እዚሁ ይቀጠል» የሚለውን ምልክት በዚያው ቦታ ላይ ጨመረ። ሁለቱ ለውጦች ለየብቻ ሲታዩ የሚያስወቅሱ አልነበሩም፤ ሲገናኙ ግን በር ከፈቱ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው ነው። ጥገናው ደግሞ በሁለት ቦታ አንድ አንድ መስመር መጨመር ብቻ ሆነ፦ ምልክቱን ባዶ አድርግ የሚል።

አጥቂ ይህን ሲያገኝ ምን ያደርጋል? ለማንበብ የተፈቀደለትን ማንኛውንም ፋይል በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ይለውጣል። የተጠቃሚዎች ዝርዝር የሚገኝበትን ፋይል በሰርቨሩ ላይ ያለ ሁሉ ሊያነበው ይችላል፤ ስለዚህ የ‹ሩት›ን (ሙሉ ሥልጣን ያለው የአስተዳዳሪ መለያ) የይለፍ ቃል ቦታ ባዶ ማድረግ ወይም በሩት ሥልጣን የሚሠራ ፕሮግራም ውስጥ የራሱን ኮድ ማስገባት ይችላል። ገደብ አለው፤ ፋይሉን ማስረዘም አይችልም፣ ከገጹ የመጀመሪያ ባይት ላይ መጀመርም አይችልም፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ገጽ አያልፍም። ለአጥቂ ግን ይህ ገደብ አልባ ያህል ነው። ከሁሉ የከፋው፣ ለውጡ በማኅደረ ትውስታ ብቻ ሊቀር መቻሉ ነው። ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ሳይነካ ስለሚቀር ሰርቨሩ ሲጠፋ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።

«ከእኔና ከባልደረባዬ በቀር መለያ ያለው የለም» ያሉት ላይ አልስማማም። በሰርቨሩ ላይ መለያ ያላቸው ሰዎች ብቻ አይደሉም። ድረ ገጹን የሚያሠራው ፕሮግራም የራሱ መለያ አለው፤ ዳታቤዙም፣ የኢሜይል አገልግሎቱም እንደዚሁ። አባላት የባንክ ደረሰኝ ፎቶ የሚልኩበት ገጽ ካላችሁ፣ በዚያ ገጽ ኮድ ላይ አንድ ስህተት ቢኖር አጥቂው በድረ ገጹ መለያ ስም ትእዛዝ መስጠት ይጀምራል። ያ ብቻውን ከባድ ጉዳት ነው፤ ነገር ግን ወሰን አለው፣ ዱካውም ይቀራል። የከርነሉ ክፍተት ሲጨመርበት ወሰኑ ይፈርሳል። መዝገቦችን ያጠፋል፣ የመጠባበቂያ ቅጂዎችን ይደርሳል፣ ከዝማኔ በኋላም የሚቆይ መግቢያ ይተክላል። የከርነል ክፍተት «ከውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው» ተብሎ ሲናቅ እሰማለሁ። ከውጭ የሚገባው የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ የከርነሉ ክፍተት ሁለተኛው ነው፤ ሁለተኛውን የዘጋ ሰው የመጀመሪያውን ጉዳት በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ደርቲ ፓይፕ ብቻውንም አይደለም። በዚያው ከርነል ላይ ሲቪኢ-2024-1086 (ሲቪኢ በይፋ ለታወቁ ክፍተቶች የሚሰጥ ቁጥር ነው) የሚል መለያ የተሰጠው፣ በኔትወርክ ማጣሪያው ክፍል ያለ ክፍተት አለ፤ የጥቃት ኮዱ በ2024 በይፋ ወጥቷል፣ የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ተቋምም በተግባር ጥቃት እየተፈጸመባቸው ባሉ ክፍተቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ኦዲተሩ የጻፉት ስሙ የታወቀውን ነው። ስም የሌላቸው ይበዛሉ። የከርነሉ አዘጋጆች ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ የሲቪኢ ቁጥሮችን ራሳቸው መስጠት ስለጀመሩ ቁጥሮቹ በዓመት በሺዎች ይቆጠራሉ፤ እነዚህን አንድ በአንድ እያነበቡ «ይህ ይነካናል፣ ያ አይነካንም» ማለት ሁለት ሰው ላለው ክፍል የማይሞከር ነው። ደግሞ ዜና መጠበቅም አያዋጣም። ኬለርማን ለከርነሉ የደኅንነት ቡድን ያመለከተው ፌብሩዋሪ 20 ነው፤ የተጠገኑት 5.16.11፣ 5.15.25 እና 5.10.102 የወጡት ፌብሩዋሪ 23 ነው፤ ዓለም ስሙን የሰማው ግን ማርች 7 ነው። ጥገናው ከስሙ 12 ቀን ቀድሞ በማንም እጅ ሊነበብ ይችል ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቁጥሮች አንድ ነገር ላንሳ፤ ወደፊት ከኦዲተሩ ጋር ሲነጋገሩ ይጠቅምዎታል። ዴቢያን ደርቲ ፓይፕን የጠገነው በ5.10.102 አይደለም። የዋናውን ጥገና ወስዶ በራሱ አሮጌ ከርነል ላይ ጨመረውና 5.10.92-2 ብሎ አወጣው። ቁጥር ብቻ የሚያወዳድር የመፈተሻ መሣሪያ 92 ከ102 ያንሳልና የተጠገነውን «የተጋለጠ» ሊለው ይችላል። ሌላም አለ፤ ኡቡንቱ የተባለው ሌላው የሊኑክስ ስርጭት በ20.04 ስሪቱ የሚጠቀመው መደበኛ ከርነል 5.4 ነው፣ ክፍተቱ የሚጀምረው ከ5.8 ስለሆነ ይህ ክፍተት ከመጀመሪያውም አልነበረበትም። ስለዚህ መመሳከር ያለበት የስርጭቱ የራሱ የደኅንነት መዝገብ ነው። በእርስዎ ጉዳይ ግን 84 ከ92ም ስለሚያንስ የሚያከራክር ነገር የለም። ሲመለከቱም ‹ዩኔም›ን ከትንሿ ‹ቪ› ፊደል ጋር ይጠቀሙ፤ በዴቢያን ላይ ከ‹አር› ጋር ሲጠየቅ 5.10.0 ብሎ የሚጀምር የቤተሰብ ስም ብቻ ይሰጥዎታል፤ ከዚያ የትኛው ጥገና እንደገባ አይታወቅም።

ሳናጠፋው መጠገን አይቻልም ወይ ላሉት፣ ሊኑክስ ከ4.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2015 ወዲህ፣ እየሠራ እያለ የመጠገን ችሎታ አለው። የተበላሸው ተግባር ሲጠራ ጥሪውን ወደ ተስተካከለው ቅጂ ያዞረዋል። ካኖኒካል ለኡቡንቱ፣ ሬድ ሃት ለራሱ ስርጭት፣ ሱሴም እንደዚሁ ይህን አገልግሎት ይሰጣሉ። ዴቢያን ግን ራሱ አይሰጥም። ቢሰጥ እንኳ እንዲህ ያለው ጥገና ለቀናት ወይም ለሳምንታት ፋታ መግዣ ነው፤ የመረጃ አወቃቀርን የሚለውጡ ጥገናዎች በዚህ መንገድ በቀላሉ አይገቡም፣ ሦስት ዓመት ላስቆጠረ ከርነልም የሚያዘጋጅልዎት አያገኙም። ደርቲ ፓይፕን ቅንብር በመለወጥ ብቻ ማገድም አይቻልም። ሁለቱን መስመሮች ወስጄ ከርነሉን ራሴ ላጠናቅረው ብለው እንዳያስቡ ደግሞ እለምንዎታለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚመጣውን ጥገና ሁሉ የሚከታተሉት እርስዎ ብቻ ይሆናሉ። ጥገና ራሱ ይሳሳታል፤ የደርቲ ካው ጥገና በ2016 ከወጣ በኋላ ለትልልቅ ገጾች ሙሉ እንዳልነበረ የታወቀው በኖቬምበር 2017 ነው፤ ሌላ ጥገና አስፈልጎታል።

ስለዚህ ሰርቨሩን ማስነሳት ግድ ነው። እውነቱን እንነጋገርና፣ ሦስት ዓመት ያልጠፋን ሰርቨር ማጥፋት ያስፈራል፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። መነሻው ግን አዲሱ ከርነል አይደለም። በእነዚህ ዓመታት አንድ ሰው በችኮላ ቀን የፋየርዎል ሕግ በእጁ ጽፎ ሳያስቀምጠው ቀርቶ ይሆናል፤ ሕጉ አሁን ይሠራል፣ ሲነሳ አይኖርም። የመልእክት መላኪያው ፕሮግራም በእጅ ተነስቶ በራሱ እንዲነሳ አልተደረገ ይሆናል። ተጨማሪ ዲስክ ተገናኝቶ፣ ሲነሳ የሚገናኙት ዲስኮች በተዘረዘሩበት ፋይል ውስጥ አልተጻፈ ይሆናል። የማስነሻው ክፍልፋይ በአሮጌ ከርነሎች ሞልቶ የመጨረሻው ዝማኔ በግማሽ ተጽፎ ቀርቶ ይሆናል፤ ይህን የመጨረሻውን እኔ ራሴ ከአንድ ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ። እነዚህ ሁሉ ዛሬም እዚያው አሉ። የሚገለጡበትን ቀን እርስዎ ካልመረጡት የአከራዩ የኃይል አቅርቦት ይመርጠዋል።

አካሄዱ እንዲህ ቢሆን እመክራለሁ። ከማጥፋትዎ በፊት ማንም ገብቶ እንደሆነ ይፈትሹ፤ ከጠፋ በኋላ በማኅደረ ትውስታ ያለው ምልክት አይገኝም። የማያውቁት መለያ፣ የማያውቁት የኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሰርቨሩ መግቢያ) ቁልፍ፣ የማያውቁት በሰዓቱ የሚነሳ ሥራ፣ በሩት ሥልጣን የሚሠሩ ፋይሎች ዝርዝር ውስጥ እንግዳ ነገር ካለ፣ ያኔ ጉዳዩ የዝማኔ ጉዳይ አይደለም፤ ሰርቨሩን ሳያጠፉ ከኔትወርክ ነጥለው የምርመራ ባለሙያ ይጥሩ። ምንም ካልተገኘ፣ የሰርቨሩን ሙሉ ቅጂ ይውሰዱና በሰዓት በሚከራይ ሌላ ሰርቨር ላይ ያስነሱት። ቅጂው ወደ ውጭ የሚወጣበትን ኔትወርክ አስቀድመው ይዝጉ፤ አለዚያ የብድር መክፈያ ማስታወሻ ለአባላት ሁለት ሁለት ጊዜ ይላክና ሌላ ቀውስ ይሆናል። እዚያ ላይ ምን አልነሳ እንዳለ ይመዝግቡ፣ ዋናው ላይ ያስተካክሉ፣ እንደገና በቅጂ ይሞክሩ።

ከዚያ ዋናውን። ብዙ ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይመርጣል፤ እኔ አልመርጥም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው የጻፈውን ትእዛዝ ደግሞ አያነበውም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለታችሁም ባላችሁበት ይሁን፤ አባላት ከሁለት ቀን በፊት በጽሑፍ ይነገራቸው፤ ደመወዝ በሚገባበት ሰሞን አይሁን። ከአከራዩ ድርጅት ድረ ገጽ የሚከፈተው ኮንሶል እንደሚሠራ አስቀድመው ይሞክሩት፤ በኤስኤስኤች መግባት ካልተቻለ ሌላ በር የለዎትም። አሮጌውን ከርነል አያስወግዱት፤ አዲሱ ካልተነሳ ከማስነሻው ዝርዝር ውስጥ እሱን መርጠው ለጊዜው መመለስ ይችላሉ።

ከዚህ በኋላ በየወሩ አንድ ቀን ይመድቡለት፤ የጥቃት ኮዱ በይፋ ለወጣ የከርነል ክፍተት ግን የወሩን ቀን አይጠብቁ፣ በቀናት ውስጥ ያስነሱት። ‹ኒድሪስታርት› የሚባለውን ፓኬጅ ይጫኑ፤ ከእያንዳንዱ ዝማኔ በኋላ የሚሠራው ከርነል ከተጫነው ጋር አንድ መሆን አለመሆኑን ይነግርዎታል። ዴቢያን 11 የረጅም ጊዜ ድጋፉ የሚያበቃው በኦገስት 2026 ስለሆነ ወደሚቀጥለው ስሪት መሸጋገሩንም በዚሁ ዕቅድ ውስጥ ያስገቡት።

እሑድ ሰርቨሩ ሲነሳ መጀመሪያ ‹ዩኔም›ን ይጠይቁትና የሚሰጠውን መስመር እንዳለ ለኦዲተሩ ይላኩላቸው። ቀጥሎ አንድ አባል በስልክ ደውላችሁ ሒሳቡን ከፍቶ እንዲያይ ጠይቁት፤ ከቢሮው ውስጥ ሳይሆን ከራሱ ስልክ። ያልተነሳ ነገር ካለ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።